«ተስፋ የተሰጠው ልዑል» ሲባል ተስፋው ማን ነው?

ጥያቄ፤ ከአራት ኪሎ

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከታናሼ ጋር «የበረዶና የእሳት መዝሙር» የተባለውን የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን ረጅም ልብ ወለድ ማንበብ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንገናኝና ያነበብነውን እንወያያለን፤ ልባችንን የነኩትን አንቀጾች ደግሞ ወደ አማርኛ እየመለስን በአንድ ደብተር እንጽፋለን። ለማሳተም አይደለም፤ ነገሩ በራሳችን ቋንቋ ምን ድምፅ እንደሚኖረው ለመስማት ስለምንጓጓ ነው።

ሰሞኑን አንድ ሐረግ አላስማማን አለ። በታሪኩ ውስጥ ረጅም ሌሊት በሚወርድበት ዘመን ተነሥቶ ዓለምን ያድናል የተባለ፣ ሊቃውንት ከትውልድ ወደ ትውልድ የጠበቁት አንድ የንጉሥ ዘር አለ። እኔ «ተስፋ የተሰጠው ልዑል» ብዬ ጻፍኩ። የታናሼ ተቃውሞ ሁለት ነው፦ አንደኛው ሐረጉ ነገሩን ገልብጦታል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደራሲው ክፍት የተወውን በር እኔ ዘግቼዋለሁ የሚል ነው። የመጀመሪያውን በከፊል ተረድቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን አልገባኝም። በዚያው ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅ፦ አንባቢዎች ስለ እንዲህ ያለ ታሪክ የተለመደውን አመለካከት ለመሞገት የሚያቀርቡትን ግምት በአማርኛ ምን ብንለው ይሻላል? «ንድፈ ሐሳብ» ነው፣ «መላ ምት» ነው ወይስ ሌላ የተሻለ ቃል አለን?

መልስ፤ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ መጨረሻ ካነሣኸው ልጀምር፤ እርሱ አጭር ነው። «ንድፈ ሐሳብ» የሚለውን በማስረጃ ተፈትኖ ብዙ ነገርን በአንድነት ለሚያብራራ የዕውቀት መዋቅር ብናቆየው መልካም ነው። የአንባቢ ግምት «መላ ምት» ነው፤ «መላ መታ» ማለት ነገሩን ጨርሶ ሳያውቅ ከያዘው ፍንጭ ተነሥቶ ገመተ ማለት በመሆኑ ቃሉ የራሱን ልክ ያውቃል። እኔ ግን ከሁለቱም አጠገብ «አንድምታ» የሚለውን ማስቀመጥ እወዳለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ ከተረጎመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ትርጉም ያመጣል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መላ ምት እውነቱ በተገለጠ ቀን ወይ ይጸናል ወይ ይወድቃል፤ አንድምታ ግን ጽሑፉ ስንት ትርጉም መሸከም እንደሚችል ያሳያል። ብዙ አንባቢዎች የሚጣሉት ይህንን ልዩነት ስለማይለዩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሐረጉ ልምጣ። ታናሽ ወንድምህ ትክክል ነው። በአማርኛ «ተስፋ የተሰጠው ልዑል» ስንል የተሰጠው ነገር ተስፋው ነው፤ ልዑሉ ተቀባይ ነው። «ሽልማት የተሰጠው ተማሪ» ሲባል የሰማ ሰው ተማሪው ራሱ ሽልማት ነው ብሎ አያስብም። በመጽሐፉ ግን ልዑሉ ተስፋ ተቀባይ አይደለም፤ ተስፋው እርሱ ራሱ ነው፣ ተቀባዩም ዓለም ነው። «ቃል የተገባለት ልዑል» ብትለውም ችግሩ አይለቅህም፤ ምክንያቱም «‑ለት» የሚለው ቅጥያ ቃሉ የተገባው ለእርሱ ሲባል እንደሆነ ይናገራል። ምድሪቱ ራሷ ተስፋ መሆኗን ለመግለጽ «የተስፋ ምድር» እንደሚባለው ሁሉ፣ «የተስፋው ልዑል» ብትሉት አቅጣጫው ይቃናል።

ሆኖም «ቃል የተገባለት» የሚለውን ስሕተት ቶሎ እንዳትጥሉት እለምናችኋለሁ። ታሪኩን ያልጨረሰ አንባቢ ይህንን አንቀጽ ይለፈኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስለዚህ ልብ ወለድ ከቀረቡት መላ ምቶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የጆን ስኖው ትውልድ ነው። በ1996 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ሁሉም ሰው ጆንን የኔድ ስታርክ ዲቃላ አድርጎ ያየዋል፤ ኔድም አያስተባብልም። ይሁን እንጂ ኔድ፣ እህቱ ሊያና በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ቃል እንዲገባላት የለመነችውን ልመና ደጋግሞ ያስታውሳል፤ የለመነችው ምን እንደሆነ ግን አይነገረንም። አንባቢዎች ከዚህች ዝምታ ተነሥተው ጆን የሊያናና የልዑል ሬይጋር ልጅ ነው፣ ልመናዋም ሕፃኑን ከጠላት ሰውሮ እንዲያሳድግላት ነበር አሉ። ከመጽሐፎቹ የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ («ጌም ኦፍ ትሮንስ») በ2016 እና በ2017 ይህንን አጸናው። መጽሐፎቹ ግን ከታሰቡት ሰባት አምስቱ ብቻ ስለ ወጡ፣ አምስተኛውም የታተመው በ2011 ስለሆነ፣ በጽሑፉ ዘንድ ነገሩ እስከ ዛሬ መላ ምት ነው።

እንግዲህ ያንን የተሳሳተ ሐረግ አንሥታችሁ እዚህ ላይ አኑሩት። ጆን ቃል የተገባለት ልዑል ነው! በእንግሊዝኛው የትንቢቱ ተስፋና የሊያና ልመና በአንድ ግስ ስለሚነገሩ ሁለቱ በጆሮ ይገናኛሉ፤ በአማርኛ ግን «ተስፋ» እና «ቃል መግባት» ተለያይተው ስለሚሄዱ ያ ድምፅ ይጠፋብን ነበር፤ «‑ለት» የምትባለው ትንሽ ቅጥያ ግን አገናኘችልን። በቅኔ አነጋገር ሰሙ ትንቢት፣ ወርቁ አደራ ነው። መላ ምቱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ይህ ለእኔ ሙሉ አንድምታ ነው።

«አደራ» ካልሁ አይቀር የሊያናን ልመና እንዴት እንደጻፋችሁት ባውቅ ደስ ይለኛል። «ቃል ግባልኝ፣ ኔድ» የሚለው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ነፍስዋ ልትወጣ ያለች እህት ለወንድሟ እንዲህ አትልም፤ «አደራህን» ነው የምትለው። ቃል የሚገባው ሰው ራሱ ነው፣ አደራ ግን ይጣልበታል፤ ቃል ያጠፈ «ቃለ አባይ» ቢባል ነው፣ አደራ ያጠፋ ግን «አደራ በላ» ነው፣ ይህም በሰው ላይ ከሚለጠፉ ስሞች ሁሉ የከፋው ነው። ኔድ ስታርክ ክብሩን ከምንም በላይ የሚወድድ ሰው ሆኖ ሳለ ሚስቱን እንዳታለለ ተቆጥሮ የኖረበትን ምክንያት፣ መላ ምቱ ልክ ከሆነ፣ «ቃሉን ጠበቀ» ከሚለው ይልቅ «አደራውን ላለመብላት ስሙን አሳልፎ ሰጠ» የሚለው አማርኛ ይነግረናል። ይህን ስጽፍ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ እንደገና ገልጬ የኔድን ምዕራፎች አነበብኩ፤ «አደራ» በሚለው ቃል ጆሮ ሳነባቸው ሌላ መጽሐፍ ሆኑብኝ።

አስተያየት፤ ከሜክሲኮ አደባባይ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አደራ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። ተዘግቷል ስለተባለው በር የምለው አለኝ። የተዘጋው በር የጾታ ይመስለኛል፤ ጥፋቱም ያለው «ልዑል» በሚለው ቃልና በግሱ ላይ ነው።

በ1998 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ ሬይጋር ገና የተወለደውን ወንድ ልጁን (ጆንን ሳይሆን ኤጎንን) እያየ የተስፋው ልዑል እርሱ እንደሆነ፣ የበረዶና የእሳት መዝሙርም የእርሱ እንደሆነ ሲናገር ይታያል። ተከታታዩ ስሙን ያገኘበት ሐረግ ስለሆነ አንባቢ ሁሉ «እርሱ» የሚለውን ይዞ ቀረ። በ2005 በወጣው አራተኛ መጽሐፍ ግን፣ ዕድሜው መቶ ያለፈው ዐይነ ስውሩ ሊቅ ኤመን፣ ዴኔሪስ የተባለች ወጣት ሦስት ሕያዋን ደራጎኖች እንዳሏት ሲሰማ ይጸጸታል። ልዑል ስለተባለ ሴት ልጅን የጠበቀ ማንም አልነበረም፣ ስሕተቱም የገባው ከትርጉም ነው ይላል። ምክንያት ብሎ የሚያቀርበው ደራጎን ወንድም ሴትም ሳይሆን እንደ ነበልባል አንዴ ይህንን፣ አንዴ ያንን የሚሆን ፍጥረት መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎች ሁለት የተለያዩ ክርክሮችን ያምታታሉ። በ2017 በቀረበው የድራማው ክፍል አስተርጓሚዋ ሚሳንደይ ቃሉ በጥንታዊው የቫሊሪያ ቋንቋ ጾታ እንደሌለው፣ ስለዚህ ልዑልም ልዕልትም ሊሆን እንደሚችል ታርማለች፤ ይህ የሰዋስው ክርክር ነው። ሊቁ ኤመን በመጽሐፉ የሚናገረው ግን ስለ ደራጎን ተፈጥሮ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃልማ ገጹ ላይ አናየውም። በጥንቱ ጽሑፍ የነበረው «ልዑል» የሚል ነበር ወይስ «ደራጎን» የሚል? ይህ ለየብቻው ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ «ልዑል» ብለን «ልዕልት» አለን፣ «ይነሣል» ብለን «ትነሣለች» አለን። ሆኖም መውጫ ያለን ይመስለኛል፤ እርሱም አንቱታ ነው። «እርሳቸው» ወንድም ሴትም ናቸው። «ዓለምን ከጨለማ የሚታደጉት፣ በተስፋ የሚጠበቁት ይነሣሉ» ብንል ጾታው እንደ ተሸሸገ ይቀራል፤ ለነገሥታት ወገን መናገሪያም ትክክለኛው ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ አንቱታና ብዙ ቁጥር በግሳችን ላይ አንድ መልክ አላቸው፤ «ይነሣሉ» የሚለውን የሰማ ሰው አንድ የተከበረ ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች አይለይም። ያው ሬይጋር ደራጎኑ ሦስት ራስ እንዳለው ይናገራልና፣ የተስፋው ሰው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው የሚሉ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። በእንግሊዝኛው ተርጓሚው ከአንዱ ሊመርጥ ግድ በሚሆንበት ቦታ የእኛ አንቱታ ሁለቱንም መላ ምቶች ሳይጥል ይዟቸው ይሄዳል።

መልስ፤ ከፒያሳ

እህቴ፣ ስለ አንቱታ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቱታን የክብር ምልክት ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ምስጢር መያዣ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ጾታን ስለሚቆልፍ ንግርት አገራችን የራሷ ታሪክ አላት። (በነገራችን ላይ ለዚህ ታሪክ «ትንቢት» ከሚለው ይልቅ «ንግርት» ይስማማል፤ ትንቢት ነቢይ አለው፣ ንግርት ግን ባለቤቱ ሳይታወቅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።) ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ምድሪቱን ያሳርፋታል የሚለው፣ በፍካሬ ኢየሱስ የሚታወቀው ነገር ለዘመናት በሰው አፍ ኖሯል። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. (ይህ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው) በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የመረጡት ስም ይኸው ነበር። ንግርቱ የወንድ ስም ይዞ ስለመጣ ሴትን የጠበቀ አልነበረም፤ ስሙን ለራሱ የሚያነሣ ሰው ግን ተገኘ። ሬይጋርም በወጣትነቱ የተስፋው ልዑል እኔ ነኝ ብሎ ያምን ነበር፤ በኋላ ነው ወደ ልጁ ያዞረው። ንግርት በሰው ልብ ላይ የሚሠራው ሥራ በሁለቱም ቦታ ተመሳሳይ ነው።

አንቱታው ግሱን ያድንልናል፤ ስሙ ግን ገና ነው። «አልጋ ወራሽ» የሚለውን አሰብኩት፤ ጾታ አይለይም፣ ነገር ግን የታወቀ ሹመት ስለሆነ አንባቢው ዘውድ ስለ መውረስ እንጂ ዓለምን ስለ ማዳን አያስብም። ከዚያ «ልጅ» የሚለው ቃል መጣልኝ። «ልጅ» በራሱ ወንድም ሴትም ነው፤ ለዚህ ነው «ወንድ ልጅ»፣ «ሴት ልጅ» እያልን የምንጨምርበት። በሌላ በኩል «ልጅ» የመኳንንት ማዕርግ ነው፤ ልጅ ኢያሱ እንደምንለው ማለት ነው። ማዕርጉ የሚሰጠው ለወንድ ስለሆነ በማዕርግ ጆሮ የሰማው ሰው ወንድን ይጠብቃል፤ በተራ ቃልነቱ የሰማው ግን አይቸኩልም። በታሪኩ ውስጥ ሊቃውንቱ የተሳሳቱት ልክ እንዲህ ነው። ስለዚህ «የተስፋው ልጅ» ብዬ አቀርባለሁ። ከ«ልዑል» ዝቅ ያለ ይመስላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ስሕተቱን በውስጡ ይዞ የሚሄድ ትርጉም ይህንን ታሪክ ያከብረዋል ባይ ነኝ።

ስለ ደራጎንም አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ «ዘንዶ» ሳትይ «ደራጎን» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። «ዘንዶ» የጫካውን ትልቅ እባብም፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ያለውን ከሳሽም ስለሚያመጣ የነገሥታት ዓርማ ለሆነ ፍጥረት ይከብዳል። «ደራጎን» ቀድሞውኑ የእኛ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብሩታዊትን ያዳነበትን ሥዕል ያየ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ እኔም በየጠዋቱ በደጁ አልፋለሁ። እርግጥ እዚያ ላይ ደራጎን ጠላት ነው፤ ቃሉ ግን ከሌላው ይልቅ ንጉሣዊ ግርማ አለው። በአማርኛ እንስሳ ከጾታው ይልቅ በተናጋሪው ስሜት እንደሚጠራ አስታውሱ፤ የወደድነውንና ያሳነስነውን በሴት እንጠራለን። የዴኔሪስ ሦስቱ ደራጎኖች በሟች ባሏና በሁለት ወንድሞቿ ስም ስለተጠሩ ሁሉም ሰው ወንድ ያደርጋቸዋል፤ ጾታቸውን መርምሮ ያረጋገጠ ግን በመጽሐፉ የለም። ባለቤታቸው በአማርኛ ብትናገር ኖሮ «መጣችልኝ» ትል ነበር፣ ያኔም የአንባቢው ግምት ሌላ በሆነ ነበር።

አስተያየት፤ ከለገሃር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ማስተካከያ አለኝ።

የመጀመሪያው «የተስፋው ልጅ» ላይ ነው። «የተስፋይቱ ምድር» የሚለውን እናስታውስ። «‑ይቱ» የተለጠፈችው ተስፋ ላይ ቢሆንም የምትስማማው ከምድር ጋር ነው፤ ምድር በሴት ስለምትጠራ። በዚሁ ሕግ «የተስፋው ልጅ» ሲባል «‑ው» ልጁ ወንድ መሆኑን ሊናገር ይችላል። ጋሼ በፊት ለፊት የከፈቱት በር በጓሮ ተዘግቷል ማለት ነው። መስተአምሩን፣ ማለትም «‑ው» የምትባለውን ቅጥያ፣ ትታችሁ «የተስፋ ልጅ» በሉት።

ሁለተኛው፣ ከጾታው መላ ምት ጋር ተያይዞ ሁልጊዜ ስለሚነሣው «ቫሎንካር» ስለተባለው የቫሊሪያ ቋንቋ ቃል ነው። ንግሥት ሰርሴይ በልጅነቷ ማጊ ወደምትባል ጠንቋይ ሄዳ፣ ቫሎንካር እጆቹን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ እንደሚገድላት ተነግሯታል። የቃሉን ትርጉም ብትጠይቅ «ታናሽ ወንድም» ነው ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ ገዳይዋ ታናሽ ወንድሟ ቲሪየን እንደሆነ ታምናለች። አንባቢዎች ግን ሌላውን ይጠቁማሉ፤ መንታዋ ጄይሚ ከእርሷ በኋላ፣ እግሯን ይዞ ነው የተወለደው፤ የዔሳውን ተረከዝ ይዞ እንደወጣው እንደ ያዕቆብ። ይህ ጠንካራ መላ ምት ነው። ደካማው፣ «ልዑል» ጾታ ከሌለው «ቫሎንካር»ም አይኖረውምና ገዳይዋ የሌላ ሰው ታናሽ እህት ልትሆን ትችላለች የሚለው ነው። ለድራማው የቫሊሪያን ቋንቋ ያደራጀው የቋንቋ ባለሙያ ዴቪድ ፒተርሰን ለታናሽ እህት የተለየ ቃል ሰጥቷል፤ «ሃኤዳር» ይባላል። የስም ጾታዎቹም አራት ናቸው፣ ጨረቃዊ፣ ፀሐያዊ፣ ምድራዊና ውኃዊ፤ ከወንድና ሴትነት ጋር አይያያዙም። ስለዚህ ስም ጾታ የለውም ማለት ትርጉሙ ወንድምንም እህትንም ያካትታል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፤ ከፒያሳ

ስለ «‑ይቱ» ያልከው ፍጹም ትክክል ነው፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ፣ «የተስፋ ልጅ» ይሁን። እንዲህ ያለ እርማት ሳገኝ የምደሰተውን ያህል በሌላ ነገር አልደሰትም።

በ«ቫሎንካር» ላይ ግን በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። የሰዋስው ጾታና የፍጥረት ጾታ የተለያዩ ናቸው ያልከው ሊደገም ይገባዋል፤ በእኛም ዘንድ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ አገርና መኪና በሴት ይጠራሉ፣ ማናቸውም ግን ሴት አይደሉም። ነገር ግን ፒተርሰን ቋንቋውን ያደራጀው ደራሲው በመጽሐፎቹ ከተዋቸው ጥቂት ቃላት ተነሥቶ ነው፤ በድራማው መነገር የጀመረውም በ2013 ነው። ሟርቱ የታተመው በ2005 ነው። (የማጊን ቃል «ሟርት» የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ሟርት ክፉን ይተነብያል ብቻ ሳይሆን ይጠራልም፣ ሰርሴይንም ያጠፋት ያ ነው።) የኋላው መዝገበ ቃላት የፊቱን መጽሐፍ ሊያስር አይችልም። የቴሌቪዥኑ ድራማም በ2015 የማጊን ትዕይንት ሲያሳይ የቫሎንካርን ነገር ጨርሶ አልጨመረውም። ስለዚህ መላ ምቱ ደክሟል እንጂ አልሞተም።

ለደብተራችሁ የሚበጀውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ «ታናሽሽ» አልተባለም፤ የማን ታናሽ እንደሆነ አልተገለጠም። «ታናሹ» ብትሉ ሁለት ነገር ይገባል፤ ወንድ መሆኑ አንድ፣ «የእርሱ ታናሽ» የሚል ንባብ ሁለት። «ታናሿ» ብትሉ ደግሞ በሴት በኩል ያው ነው። ባዶውን «ታናሽ» ይዛችሁ እጆቹን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጓቸው፦ «የታናሽ እጆች በገረጣው አንገትሽ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ነፍስሽም ትወጣለች።» የሚሠሩት እጆቹ ስለሆኑ ግሱ ስለ ባለ እጁ ምንም አይናገርም። ቲሪየንም፣ ጄይሚም፣ ያልታሰበች እህትም በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እኩል ይቆማሉ።

ከአራት ኪሎ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ከለገሃር የጻፍከው ወንድሜ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የጻፋችሁትን ሁሉ ዛሬ ቅዳሜ አብርሆት ይዤ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ፤ በመጀመሪያው መልስ «ታናሽ ወንድምህ» የተባለችው እህቴ ናት። በጥያቄዬ ውስጥ «ታናሼ» ብዬ ብቻ ስለጻፍኩና ግሶቹም ሁሉ የሁለታችን ስለነበሩ ጾታዋ ሳይታወቅ አልፏል፤ ሆን ብዬ አልነበረም፣ በቤታችን እንዲሁ ስለምጠራት ነው። ያን መስመር ሳነብላት አስቆመችኝና በሩ ያለችው ይህ እንደሆነ ነገረችኝ።

መልስ፤ ከፒያሳ

ለእህትህ ይቅርታዬን ንገርልኝ። ጥያቄህን እንደገና አነበብኩት፤ ወንድ ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ ጽሑፍህ አላለም። የሊያናን ልመና በምን ቃል እንደጻፈችው ከነገረችን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ከአራት ኪሎ

ያን ገጽ የጻፈችው ከስምንት ወር በፊት ነው። «አደራ፣ ኔድ» ይላል።